"ቀሪ የሌለበት ተማሪ" ሽልማት ለልጆች ፍትሐዊ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ 30 ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጥቂት ዓመታት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነበርኩ፤ ወተመህ የምንለው። ከወጣሁ ቆየሁ። ሰዉ ግን መጠየቁን አልተወም። የጎረቤት ልጅ ተሸልሞ የራሷ ሳይሸለም የቀረባት እናት ትደውላለች። የተሸላሚ ስም ዝርዝር አዘጋጅ ተብሎ ሆዱ እሺ ያላለው መምህርም ይደውላል። ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሽልማቱን አልወደውም። የሚወዱትን ሰዎች ግን እወዳቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ ለልጅ የሚጨነቁ ናቸው።

የምናወራው ስለ የትኛው ሽልማት ነው?

ስለ ደረጃ ሽልማት አይደለም። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ለወጣ ልጅ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የምናወራው ዓመቱን ሙሉ ወይም አንድ መንፈቅ በስም መጥሪያው ላይ አንዲት ቀሪ ስላልተያዘበት ልጅ ነው። በወላጆች ቀን ስሙ በማይክ ይጠራል። ርዕሰ መምህሩ ይጨብጡታል። ግማሽ ደርዘን ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ትምህርት ቤቱ ደህና ማተሚያ ካለው ደግሞ በከለር የታተመ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ሰዉ ያጨበጭባል፣ እናት እልል ትላለች። ሁሉም ትምህርት ቤት አያደርገውም። የሚያደርገውም ደንቡ ይለያያል። አንዱ በፈቃድ የቀረውን ይምራል፤ ሌላው ምክንያት አይሰማም።

ማበረታታት ምን ክፋት አለው?

ምንም። እኔን የሚያስቸግረኝ ማንን እያበረታታን እንደሆነ ነው።

አንዲት ቀሪ ሳይኖርበት ዓመቱን የጨረሰ የአንደኛ ክፍል ልጅ ምን ሠራ? ጠዋት የቀሰቀሰው ሌላ ሰው ነው። ቁርሱን ያቀረበው፣ ዩኒፎርሙን ማታ አጥቦ ምድጃ አጠገብ ያደረቀው፣ አስፋልቱን ያሻገረው ሌላ ሰው ነው። እሱ ዓመቱን በጤና ከረመ። ቤቱ ሐዘን አልገባም። አባቱ ሥራ አልፈታም። የሚጠብቀው ከብት የለውም።

ሁለት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ እንበል። የአንዱ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ደወል ሲደወል ከቤት ቢወጣም ሰልፍ ላይ ይደርሳል። ሌላው ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ ይመጣል፤ ወንዝ አለበት። ሰኔ ላይ ሲዘንብ፣ መስከረምም ገና ውሃው ሳይጎድል፣ ወንዙ ከሞላ ሞላ ነው። ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ስድስት ቀን ብቻ ቢቀር ከዴስክ ጓደኛው የበለጠ ታግሏል። በሰኔ 30 ግን መድረኩ ላይ የሚወጣው ጓደኛው ነው። እሱ ከታች ሆኖ ያጨበጭባል። ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ያውቁታል። "እሱ እኮ ቤቱ እዚህ ነው" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

የሚሸለመው ጓዳው ነው። ጓዳውን መሸለም ከፈለግን በግልጽ እናቲቱን መድረክ ላይ እናውጣት፤ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ።

ልጆች የሚቀሩት በስንፍና አይደለም እንዴ?

ስንፍናም አለ። ትምህርት ቤት ነኝ ብሎ ጆተኒ ሲጫወት የሚውለውን እናውቀዋለን። ግን የስም መጥሪያውን ቀሪ ሁሉ ፎርፎ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሰሜን ሸዋን አያውቃትም።

ዞናችን ራሷ ሁለት ሦስት አገር ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጣርማበር ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ጃኬታችሁን መኪና ውስጥ አውልቃችኋል። ላይኛው ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለ። ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት፣ ደጅ የተረሳ የጆግ ውሃ ላዩ የሚረጋበት ብርድ ነው። በላስቲክ ጫማ፣ ያለ ካልሲ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ አንድ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ልጅ አለ። የጠዋት ፈረቃ የደረሰው ልጅ በጥር ምን እንደሚያይ ራሳችሁ አስቡት። ታችኛው ላይ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ይቋጥራል፣ ወባ ይነሣል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቆላው ላይ የታመመ ልጅ የሌለበት ክፍል አይገኝም። የሽልማት ደንቡ ግን ለውርጩም ለወባውም አንድ ነው፦ ቀሪ ካለ የለም።

ከዚያ መኸር ይመጣል። መንዝ ገብሱ፣ ጅሩ ስንዴው፣ ሚንጃር ጤፉ። ወንፈል ተጠርቶ አዋቂው ሁሉ ማሳ ላይ ሲውል ከብቱን ማን ይጠብቅ? ሕፃኑን ማን ይያዝ? ለአጫጁ ጠላና ውሃ ማን ያድርስ? የአሥር ዓመት ልጅ ነዋ። አባቱ ትምህርት ጠልቶ አይደለም፤ ዝናብ ሳይመታው ማስገባት ስላለበት ነው።

አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። በኅዳር 2014 መጨረሻ፣ ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ በነበረበት ሰሞን፣ ትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለአንድ ሳምንት ዘግቶ ተማሪው የዘማች ቤተሰብ ሰብል እንዲሰበስብ አድርጓል። ያን ጊዜ ያጨደ ተማሪ ተመሰገነ። በሌላው ዓመት የአባቱን ገብስ ያጨደው ግን ቀሪ ተብሎ ይጻፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተዘግቶ የከረመባቸው ቦታዎች አሉ። ትምህርት ቤቱ ቀሪ በሆነበት ዓመት ልጁን በቀሪ ማወዳደር አይከብድም?

ሽልማቱ ግን ቀሪን ይቀንሳል፤ አይደል?

ሁላችንም ይቀንሳል ብለን ነው የምንጀምረው። እኔም በኮሚቴው የመጀመሪያ ዓመቴ ደብተር ከገዙት አንዷ ነኝ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩን በደንብ የፈተሹት አሉ። ካርሊ ሮቢንሰን የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ከ15 ሺህ በላይ የ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። ሁሉም ቀደም ብሎ ቢያንስ አንድ ወር ሳይቀሩ የተማሩ ናቸው። ለአንዱ ቡድን "የሚመጣውን ወር ካልቀራችሁ ትሸለማላችሁ" የሚል ደብዳቤ ተላከ። ለሌላው ሳያስበው "በዚያ ወር ስላልቀራችሁ" ተብሎ ሽልማቱ መጣለት። ሦስተኛው ምንም አልተላከለትም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ይኸው፦ ተስፋ የተሰጠው ቡድን ምንም ካልተላከለት አልተሻለም። በድንገት የተሸለመው ደግሞ በቀጣዩ ወር የቀረባቸው ቀናት በ8 በመቶ ያህል ጨመሩ። ባሰበት ማለት ነው።

ለምን? ተመራማሪዎቹ እንዲህ ይገምታሉ። ሽልማቱ ለልጁ ሳያስበው አንድ ወሬ ነገረው፦ "አንተ ከሌሎቹ በላይ መጥተሃል። ከሚጠበቅብህም አልፈሃል።" ልጁም እንዲያ ከሆነ አንድ ቀን ብቀር ምን አለበት አለ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። እኛ ቤትም ዕቃ በማጠብ የተመሰገነ ልጅ በማግስቱ ዕቃ አይነካም።

ሕንድ ውስጥ በድሃ ሰፈሮች ክፍሎች የተሠራ ሌላ ጥናትም አለ። ሽልማቱ እስካለ ድረስ የሚመጣው ልጅ ቁጥር ጨመረ። ሽልማቱ ሲቆም ግን ቀድሞም ብዙ ይቀሩ የነበሩት ልጆች ከበፊቱ ባሰባቸው። ልናመጣቸው የፈለግናቸው እኮ እነሱ ነበሩ።

በነገራችን ላይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ትምህርት ቤት ከመንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ በየቀኑ በተገኘው ተማሪ ልክ ይሰላል። እዚያ ሽልማቱ ለምን እንደተወደደ ይህም ትንሽ ይነግራችኋል።

ሽልማት ሁሉ መጥፎ ነው እያልሽ ነው?

አላልኩም። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። መሳል የሚወዱ ትንንሽ ልጆችን መረጡ። ለአንዳንዶቹ "ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" አሏቸው። ሣሉ፣ ተሸለሙ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ያው እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥላቸው፣ ለሽልማት ብለው የሣሉት ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሰው ነው የነኩት። ጨዋታው ሥራ ሆነባቸው። ትምህርት ቤት መምጣትም ለአንዳንድ ልጅ ጨዋታ ነው። ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፤ ኳሱ እዚያ ነው።

አንድ ቀን ብቻ የቀረ ልጅስ?

ወደቀ። ለእኔ የሽልማቱ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ ከፍትሐዊነቱም በፊት።

እኛ ዘንድ ትምህርት ከመስቀል በኋላ ነው የሚጀመረው ይባላል፤ እንደ ቀልድም እንደ እውነትም። አንድ ልጅ መስከረም 20 ላይ አንድ ቀን ቀረ እንበል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ሽልማቱ ለእሱ የለም። ማበረታቻው ገና በመስከረም ሞተ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ቢቀርም አርባ ቀን ቢቀር ለሽልማቱ ያው ነው። በአሜሪካ ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰዎች አሳሳቢ የሚሉት ከትምህርት ቀኖቹ 10 በመቶ የቀረውን ነው። በ200 ቀን 20 ቀን ማለት ነው። የእኛ ሽልማት ሃያ ቀን የቀረውን አያይም። ዜሮ የቀረውን ብቻ ያያል፤ እሱ ደግሞ ሳይሸለምም ይመጣ ነበር።

ልጄ ታማ መሄድ ትፈልጋለች፤ ሽልማቱ ሊያመልጣት ነው። ምን ላድርግ?

አስተኛት። ከእኔ ልጅ ጋር የሆነውን ልንገርሽ።

2ኛ ክፍል ነበረች። ጥር ነው፤ ጠዋቱ አጥንት ይሰብራል። ሌላ ጊዜ ሦስቴ ጠርቻት የማትነሣው ልጅ ያን ቀን ቀድማኝ ተነሥታ በጓሮ በኩል ፊቷን በበርሜሉ ውሃ ትታጠባለች። ገረመኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። ግንባሯን ሳምኳት፤ ይቀዘቅዛል። ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወሉ፦ "እትዬ፣ ልጅቷን ብትወስጃት።" ስደርስ የዘበኛ ቤቱ አግዳሚ ላይ በሳቸው ካፖርት ተጠቅልላ ተኝታለች። ሰውነቷ እሳት ነው። ለካ የታጠበችው ትኩሳቱን እንዳላገኘው ነው። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦ "ስም ተጠርቷል አይደል?" የሚል ነበር።

ተጠርቷል። አቤት ብላለች። ከዚያ ነው የወደቀችው።

በማግስቱ ጉንጯ አበጠ፤ ጆሮ ደግፍ ነው። አምስት ቀን ተኛች። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከእሷ ዴስክና ከኋላዋ ካለው ዴስክ ልጆች ፊታቸው አብጦ ቀሩ። ከእሷ ይያዝባቸው ከሌላ አላውቅም፤ ግን በዚያ ቀን እዚያ መሆን አልነበረባትም። ለኮሚቴው ሳነሣው አንድ አባል "ጠንካራ ልጅ ናት" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለደብተሩ ገንዘብ ማዋጣት አቆምኩ።

የሐኪም ወረቀት ያመጣ ቀሪ አይያዝበት ቢባልስ?

ከምንም ይሻላል። ግን ወረቀቱን ማን ያገኛል? ካርድ ማውጫ ያለው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያለው፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ የሆነለት። ምች መቶት እናቱ ዳማከሴ ጨምቃ አሽታ፣ አጥና፣ በሁለት ቀን ያስነሣችው ልጅ የማንን ወረቀት ያምጣ? የዳማከሴው ማኅተም የለውም። መምህሩ የእናትየዋን ቃል ከተቀበለ ነው ደንቡ የሚሠራው።

ሴቶች ልጆች ላይስ?

ይህን ጥያቄ ወንዶች አባላት ጠይቀውኝ አያውቁም። እናቶች ናቸው የሚጠይቁት፣ እሱም በሹክሹክታ።

ከ5ኛ፣ 6ኛ ክፍል ጀምሮ አንዳንዷ ልጅ በወር አንድ ሁለት ቀን ትቀራለች። የወር አበባ ነው። መጸዳጃው በር ከሌለው፣ ውሃ ከሌለው፣ ሞዴስ መግዣ ከሌላት ቤት መዋሉን ትመርጣለች። ይህች ልጅ ዓመቱን ሙሉ ብትተጋ እንኳ ደንቡ አያስገባትም። ምክንያቷንም መናገር አትችልም። ስልሳ ልጅ ፊት ቆማ ለወንድ መምህር "ለምን ቀረሽ?" ለሚለው ምን ትበል? "አሞኝ" ትላለች፤ ወረቀት አምጪ ትባላለች። የሽልማቱን በጀት የመጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ ይግዙበት ብዬ አንዴ ተናግሬ ነበር። ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም።

የቀጠሮ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆችስ?

ለእነሱ ውድድሩ መስከረም አንድ ቀን አልቋል። ልቡን ለሚታከም ልጅ አዲስ አበባ ቀጠሮ ማለት መሄጃው 130 ኪሎ ሜትር፣ መመለሻው 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመንዝ ለሚነሣው ከዚህም ይርቃል፤ አንዱ ቀጠሮ ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ትናንት ወድቆ ዛሬ ቢተኛ ምን ይደንቃል? እንግሊዝ አገርም በነዚህ ልጆች ምክንያት ስለዚህ ሽልማት የሚከራከሩ ወላጆች አሉ።

"እኛ በባዶ እግራችን ነው የተማርነው" ለሚሉ ምን ትመልሻለሽ?

እውነት ነው። አባቴም ይላል። አንድ ቀን ግን ጠየቅኩት፦ "ከአንተ ጋር አንደኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ ስምንተኛ ደረሰ?" ቆጠረ። በአንድ እጁ ጣት አለቀ። የሚያወራልን የደረሰው ነው፤ የቀረው ማን ይጠይቀዋል?

ቁጥሩ ራሱ ይታመናል?

ስም የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሞኒተሩ ነው። ሞኒተር ደግሞ ልጅ ነው፤ ጓደኛ አለው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሞኒተራችን ኪስ ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ ቆሎው ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዛሬ ከረሜላ ሆኗል ይሉኛል። በእርሳስ የሚያዝ ስም መጥሪያ ደግሞ ሽልማት ሲቃረብ ላጲስ ይወዳል። መምህሩም ቢሆን ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር ስለ ቀሪ የሚጠየቅ ከሆነ እጁ ይላላል። ያኔ የጠፋውን ልጅ የምናገኝበት መዝገብ ይበላሻል። ለኔ ከደብተሩ ይልቅ መዝገቡ ነው የሚያሳዝነኝ።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 ላይ መንግሥታት ልጆች ትምህርት ቤት አዘውትረው እንዲገኙ የሚያበረታታ እርምጃ ይውሰዱ ይላል። ስለዚህ ማበረታታቱ ግዴታም ነው። ያው ሰነድ አንቀጽ 2 ላይ ልጅ በአካል ጉዳት፣ በወላጆቹ ሀብትና በመሳሰለው እንዳይበላለጥ ያዛል። አንቀጽ 3 የልጁ ጥቅም ይቅደም ይላል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ይህንኑ አስፍሯል። ይህን ሽልማት በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ ኮንቬንሽኑ ውስጥ የለም። እኔም ፍርድ ቤት ልሂድ አላልኩም፤ ኮሚቴው ተቀምጦ ይነጋገርበት ነው የምለው።

ሽልማቱ ቀርቶ ቅጣት ይሁን?

አይሁን። ተንበርከክ፣ ሜዳ ጥረግ፣ "ወላጅ ካላመጣህ አትገባም" ይባላል። የመጨረሻው በተለይ ይገርመኛል። አንድ ቀን የቀረውን ልጅ ሁለተኛ ቀን በር ላይ መልሶ ማስቀረት ነው። አባቱ ገበያ ከዋለ ሦስተኛም ይጨመራል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ይጠየቅ። ሦስት ቀን የጠፋ ልጅ ቤት ስልክ ይደወል። "ለምን ቀረ?" ብሎ መጀመር ደግሞ ያስደነግጣል፤ "ደህና ናችሁ ወይ?" ይባል። ስልክ የሌለው ቤት እንኳ ከዚያው ሰፈር የሚመጣ ልጅ አይታጣም፤ መልእክት ይላክበት። እኛ ኮሚቴ ሳለን አንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት ይህን ከራሷ ካርድ እየሞላች ታደርገው ነበር። የእሷ ክፍል ልጆች ሲቀሩ ምክንያቱ ይታወቅ ነበር፤ አንዱ ጫማ ነበር። ጫማው ተገዛ፤ ልጁ መጣ። ለዚህ የምስክር ወረቀት አላስፈለገም።

ሁለተኛ፣ የሚያስቀረው ነገር ይነካ። ምገባ አንዱ ነው። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ታበላለች። ባዶ ሆዱን የነበረ ልጅ ለምን ይቀር እንደነበር ያን ጊዜ ይታያል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ቡሲያ በሚባል አካባቢ በ75 ትምህርት ቤቶች የአንጀት ትል ኪኒን ታድሎ ነበር። ሚጌልና ክሬመር የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ቀሪው በሩብ ያህል ቀነሰ ብለዋል። ቁጥሩ ላይ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ሐሳቡ ግን ለእኔ ግልጽ ነው፤ ሆዱን የሚቆርጠውን ልጅ ደብተር አያድነውም።

ሦስተኛ፣ መሸለም ካልቀረ የተሻሻለው ይሸለም። በመጀመሪያው መንፈቅ 15 ቀን ቀርቶ በሁለተኛው 4 ቀን የቀረ ልጅ ጀግና ነው። ለእሱም በማይክ አይጮህበት። የቤተሰቡን ጉድ አደባባይ ማውጣት ይሆናል። ጠራ አድርጎ "አይቼሃለሁ፤ ጎብዘሃል" ማለት ይበቃል።

ክፍሉ በሙሉ በአንድነት ቢሸለምስ?

ሞክረነዋል። በየወሩ ቀሪ ላነሰበት ክፍል ኳስ። ሐሳቡ ደስ ይል ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን አንድ አስም ያለባት ልጅ ስትመለስ "ባንቺ ምክንያት ኳሱ አመለጠን" ተባለች። ተውነው። ኳሱን ለሁሉም ክፍል በየተራ ሰጠን።

መምህር ነኝ፤ ዝርዝር አቅርብ ተብያለሁ። እምቢ ማለት አልችልም።

አትበል፤ እንጀራህ ነው። ግን በእጅህ ያለ ብዙ ነገር አለ። በዓመት የሚቆጠረውን በወር እንዲቆጠር ጠይቅ፤ አንዴ የወደቀ ልጅ በሚቀጥለው ወር እንዲነሣ። ሕመም፣ ለቅሶና ቀጠሮ ከቀሪ ይውጡልኝ በል፤ አብዛኛው ርዕሰ መምህር በጽሑፍ ካቀረብክለት እሺ ይላል። ሚኒ ሚዲያው የተሸላሚዎቹን ስም ቢያነብም የቀሪዎቹን እንዳያነብ ጠይቅ። ደግሞ ልጁ ሲመለስ "የት ጠፋህ!" ከማለትህ በፊት "እንኳን መጣህ" በለው።

ልጄ ተሸልማለች። ትመልስ?

ኧረ በፍጹም! ልጅቷ ምን አጠፋች? ይዛ ትግባ፣ እልል በሉላት። ማታ ላይ ብቻ "ያልተሸለሙት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም" በያት። ጎረቤት ያለው ልጅ ካልተሸለመ ደግሞ እሱ ቤት በር ላይ እልልታው ባይረዝም ጥሩ ነው።

ልጄ አልተሸለመም ብሎ ያለቅሳል። ምን ልበለው?

እኔም ልጄን ጆሮ ደግፍ በያዛት ዓመት ሰኔ ላይ የገጠመኝ ይኸው ነው። ከሰልፉ ሜዳ እስከ ቤት አለቀሰች። አምስቱ ቀን አስቀሯት። ቤት ስንገባ አስቀመጥኳትና "አሞሽ ነበር፤ ተኛሽ፤ ዳንሽ። ይኸው ነው" አልኳት። አፍንጫዋን ጠርጋ አሰበች።

"እነሱስ ለምን ተሸለሙ?"

"አልታመሙማ።"

"አለመታመም ይሸለማል?"

መልስ አጣሁ። ተነሥቼ ሱቅ ሄድኩና ግማሽ ደርዘን ደብተር ገዛሁላት።